የፖለቲከኛው ልጅ የት ይማራል? ከብሪታንያ ተሞክሮ ተነሥቶ የተከፈተ ውይይት

ታዛቢ፦

የብሪታንያ መንግሥት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጥል፣ ክርክሩ በታክሱ ብቻ አልተወሰነም፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው የት ተማሩ፣ ልጆቻቸውንስ የት ያስተምራሉ ወደሚለው ጥያቄ ዞረ። በዚያች አገር ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ የግራ ዘመሙን የሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ መሪዎች ቢያንስ ለሠላሳ ዓመታት እንደ ጥላ ሲከተል ኖሯል። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የትምህርት ሥርዓቱን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አብዛኛው ልጅ የሚማረው ክፍያ በሌለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በግል ትምህርት ቤት የሚማረው 7 በመቶ ገደማ ነው። ከግሎቹ መካከል ጥንታውያኑና ውዶቹ «ፐብሊክ ስኩል» መባላቸው ለእኛ ጆሮ ግራ ያጋባል፤ ስሙ የሕዝብ፣ በሩ የባለጸጋ። ከመንግሥቶቹም መካከል «ግራመር» የሚባሉ፣ በ11 ዓመት ዕድሜ ፈትነው እየመረጡ የሚቀበሉ አሉ። ሌበር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህን አሠራር በአብዛኛው አስቀርቶ፣ ሁሉንም ልጅ ያለ ፈተና በሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ለመተካት የሠራ ፓርቲ ነው። ስለዚህ የሌበር ፖለቲከኛ ልጁን ወደ ግል ወይም ወደ ግራመር ትምህርት ቤት ሲልክ መገኘቱ፣ ቄስ በዐቢይ ጾም ከሥጋ ቤት ሲወጣ እንደ መታየት ያለ ነገር ነው።

ቶኒ ብሌየር የፓርቲው መሪ በሆኑ በወራት ውስጥ፣ በ1994 መጨረሻ ላይ፣ የበኩር ልጃቸውን ወደ ሎንዶን ኦራቶሪ ሊልኩ መሆኑ ተሰማ። ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ሆኖም ከአካባቢው አስተዳደር ቁጥጥር ወጥተው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ከተፈቀደላቸው አንዱ ነበር፤ ሌበር ደግሞ ያንን አሠራር ይቃወም ነበር። በዚያ ላይ ብሌየር የሚኖሩት ሰሜን ለንደን ኢዝሊንግተን፣ ትምህርት ቤቱ ያለው ምዕራብ ለንደን ፉልሃም በመሆኑ፣ ልጁ ስንት ትምህርት ቤት አልፎ ነው የሚሄደው ተባለ። በ1996 መጀመሪያ ላይ፣ ያን ጊዜ ተቃዋሚ የነበረው የሌበር የጤና ጉዳይ ተጠሪ የነበሩት ሃሪየት ሃርማን ልጃቸውን ኦርፒንግተን ወደሚገኘው ሴንት ኦላቭስ ወደሚባል ግራመር ትምህርት ቤት ለመላክ ወሰኑ። ብሌየር ቀደም ሲል «በወንጀል ላይ ጠንካራ፣ በወንጀል መንስኤዎችም ላይ ጠንካራ» የሚል መፈክር ነበራቸውና፣ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር በምክር ቤት ተነሥተው እሳቸው ደግሞ በግብዝነትና በግብዝነት መንስኤዎች ላይ ጠንካራ መሆን እንደሚሹ ሲናገሩ ወንበሮቻቸው በሳቅ ተናወጡ።

ሦስተኛዋ ዳያን አቦት ናቸው። በ1987 ለምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሲሆኑ፣ ብሌየርንና ሃርማንን በዚሁ የትምህርት ቤት ጉዳይ በግልጽ ከነቀፉት መካከል ነበሩ። በ2003 ግን የራሳቸውን ልጅ በዓመት 10 ሺህ ፓውንድ ገደማ ወደሚያስከፍለው ሲቲ ኦቭ ለንደን ስኩል ወደሚባል የግል ትምህርት ቤት አስገቡ።

ሕዝቡ በእነዚህ ሰዎች ላይ የተቆጣው በምርጫቸው ነው ወይስ ከምርጫቸው በፊት በተናገሩት ቃል? የእኔ አስተያየት በቃላቸው ነው የሚል ነው። አንድ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሚኒስትር ልጁን ከእነዚያ ጥንታውያን ውድ ትምህርት ቤቶች አንዱ ወደሆነው ወደ ኢተን ቢልክ ዜና አይሆንም፤ እንዲያውም ካልላከ ነው ዜና የሚሆነው። የእናንተን ለማንበብ እጠብቃለሁ።

የሃክኒ እናት፦

ወንድም ታዛቢ፣ ሦስተኛዋን፣ ዳያን አቦትን፣ በሁለት መስመር ስላለፏቸው ቅር ብሎኛል፤ ከሦስቱ ሁሉ የሚያነጋግሩት እሳቸው ናቸውና። እኔ የምኖረው በምርጫ ክልላቸው፣ በለንደን ሃክኒ ነው። ዜናው ሲወጣ አገሩን ገና አልለመድሁም ነበር፤ በኋላ ግን ልጄን ለሁለተኛ ደረጃ ሳስመዘግብ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ከካሪቢያን፣ ከናይጄሪያ፣ ከቱርክና ከአገራችን እናቶች ጋር ስንጠባበቅ ስማቸው ሳይነሣ የቀረበት ቀን አልነበረም።

አቦት ከዚያ ውሳኔ በፊት ለዓመታት በለንደን ትምህርት ቤቶች የጥቁር ልጆች፣ በተለይም የወንዶቹ፣ ውጤት ማሽቆልቆሉን እየተናገሩ ስለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ያዘጋጁ ነበር። ስለዚህ ልጃቸውን ሲያስገቡ የሚያውቁትን ነው የፈሩት። ጋዜጦቹ ይህንን ሲያልፉት፣ ግብዝነት የሚለውን ቃል ግን አልዘለሉትም። እሳቸውም ቢሆኑ ምርጫቸው ሊከላከሉለት የማይቻል መሆኑን በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። የፖለቲከኛ ንግግር ስሰማ ለኖርሁ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብሌየር የወላጅ መብት አሉ፣ ሌሎች የልጁ ፍላጎት አሉ፤ እሳቸው ግን ጥፋቱን በስሙ ጠሩት።

ነገር ግን ሁሉንም አላሞግስም። በ2010 ለፓርቲው መሪነት ሲወዳደሩ በቴሌቪዥን ተጠይቀው፣ የምዕራብ ሕንድ ደሴቶች እናቶች ለልጃቸው ሲሉ የማያደርጉት ነገር እንደሌለ መለሱ። ይህ መልስ አስቆጥቶኛል። በእኔ ሕንጻ ላይ ያለችው የምሥራቅ ለንደን ነጭ ጎረቤቴስ ለልጇ አታደርግም? ልዩነቱ 10 ሺህ ፓውንድ ያለመኖሩ ብቻ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦

ከሁለታችሁም በከፊል እለያለሁ። የፖለቲከኛ ምርጫ የማንም ወላጅ ምርጫ ተደርጎ የሚታይ አይደለም፤ ምክንያቱም ሌላው ወላጅ የሚመርጠው ካለው መካከል ሲሆን፣ ፖለቲከኛው ግን ያለውን ራሱን የመለወጥ ሥልጣን በእጁ ይዞ ነው።

አንድ ነገር ላውጋችሁ። በደርግ ዘመን አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት የአንዱ ክፍል ጣሪያ ለሁለት ክረምት አፍስሷል። ማመልከቻ ጽፈናል፣ ኮሚቴ አቋቁመናል፣ ልጆቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከነጠብጣቡ ሲሸሹ አይተናል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ከበድ ያለ ባለሥልጣን ወደ አካባቢው ተዛውሮ ልጁ በዚያው ክፍል ተመደበ። ቆርቆሮው በአሥራ አምስት ቀን ተቀየረ። ማንም ጥፍር የምታህል ማመልከቻ አልጻፈም። እኔ ስለ ግብዝነት ከመጨነቅ ይልቅ ስለዚያ ቆርቆሮ ነው የማስበው፤ አቤት የማለት ዐቅም ያለው ወላጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲወጣ አቤቱታውም አብሮት ይወጣል።

ታዛቢ «ወግ አጥባቂ ልጁን ወደ ኢተን ካልላከ ነው ዜና» ያሉት ግን በትክክል ደርሷል። ማይክል ጎቭ የትምህርት ሚኒስትር ሳሉ በ2014፣ ዴቪድ ካሜሩን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በ2015 ሴት ልጆቻቸውን በዌስትሚንስተር ግሬይ ኮት ሆስፒታል ወደሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት ልከዋል። (ሆስፒታል የሚለው ስም ሐኪም ቤት አያስመስለው፤ ከ1698 ጀምሮ የኖረ የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው።) ሃያ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ያፈራው የኢተን ተማሪ የነበሩት ካሜሩን በዚህ ውሳኔ ተመሰገኑ። ይሁን እንጂ ግሬይ ኮት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ከቦታው በላይ አመልካች አለው፤ ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙም ይታያል። «የመንግሥት» የሚለው ቅጽል ለአባትየው ስም ጠቀመ እንጂ፣ ጣሪያው የሚያፈሰው ትምህርት ቤት የት እንዳለ አላሳየንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከአትላንቲክ ማዶ የተገላቢጦሹን ምሳሌ ላምጣ፤ ቃሉን የጠበቀ ሰው ምን አተረፈ የሚለውን ነው።

ጂሚ ካርተር በ1976 የዲሞክራቶችን ዕጩነት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲዳከሙ የባለሥልጣናት ልጆች ወደ ተመረጡ የግል ትምህርት ቤቶች እንደሚሄዱ ወቅሰው ነበር። ቤተ መንግሥቱ በገቡ ጊዜ የዘጠኝ ዓመቷን ልጃቸውን ኤሚን ቃላቸው እንዳይታጠፍ በአቅራቢያው ወደሚገኘው ታዲየስ ስቲቨንስ ወደሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት ላኩ። ይህ ትምህርት ቤት በ1868 ለጥቁር ልጆች የተሠራ ነው። በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ልጅ በዋሽንግተን የመንግሥት ትምህርት ቤት ስትገባ ከቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች። ፎቶግራፍ አንሺዎች በበሩ ላይ ተኮልኩለው የመጀመሪያ ቀኗን የዓለም ዜና አደረጉት።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1980 ከሬገን ጋር በክሊቭላንድ ሲከራከሩ፣ ካርተር ከሁሉ የሚያሳስበው ጉዳይ ምን እንደሆነ ኤሚን ጠይቀዋት የኑክሌር መሣሪያ ብላ እንደመለሰችላቸው ተናገሩ። አገር በሙሉ ሳቀባቸው። ስለ አደገኛው መሣሪያ የተናገሩት ተረሳ፤ ከልጅ ምክር የሚጠይቅ ፕሬዚዳንት የሚለው ቀረ። በመጀመሪያው ጊዜ የተከበሩባት ልጅ በሁለተኛው መቀለጃ አደረገቻቸው፤ እሷ ግን በሁለቱም ጊዜ ያደረገችው ነገር አልነበረም።

ክሊንተን በ1993፣ ኦባማ በ2009 ሴት ልጆቻቸውን ያስገቡት በዋሽንግተን ዊስኮንሲን ጎዳና በሚገኘው ሲድዌል ፍሬንድስ በሚባል የግል ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ጎዳና ላይ ታክሲ እየነዳሁ ሰባት ዓመት ተመላልሻለሁና በሩን አውቀዋለሁ። ኦባማ በ2010 በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ልጆቻቸው በዋሽንግተን የመንግሥት ትምህርት ቤት ያንኑ ጥራት ያለው ትምህርት ያገኙ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ለጊዜው አያገኙም ብለው እቅጩን ተናገሩ። በ2012 እንደገና ተመረጡ። እንግዲህ ቃሉን የጠበቀው በአንድ ዘመን ተሰናበተ፤ ያልላከው ሁለት ዘመን ገዛ። መራጩ በትምህርት ቤት አይደለም የሚወስነው፤ የካርተርን ዕጣ የወሰኑት በኢራን የተያዙት አሜሪካውያን ታጋቾችና የዋጋ ንረቱ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የሚያገለግለው መራጩ ቀድሞ የያዘውን ስሜት ለማጽናት ብቻ ይመስለኛል።

አወያይ፦

ውይይቱ በመልካም ሁኔታ እየሄደ ስለሆነ ጣልቃ የምገባው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። በግል መልእክት የአገራችን ባለሥልጣናት ልጆች የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች በስም የያዘ ዝርዝር የላካችሁልኝ ሁለት ተሳታፊዎች አላችሁ። አላትመውም። ልጆቹ በምርጫ አልተወዳደሩም፤ ዝርዝሩም ከየት እንደመጣ አልተገለጸም።

የሕግ ሰው፦

የአወያዩ ውሳኔ ወደምፈልገው ነጥብ አደረሰኝ። የብሪታንያ ጋዜጦች የሚመሩበት የሥነ ምግባር ደንብ፣ ተማሪዎች የትምህርት ጊዜያቸውን ያለ አላስፈላጊ ጣልቃ ገብነት እንዲጨርሱ ይደነግጋል፤ የወላጅ ዝና ወይም ሥልጣን ብቻውንም የልጅን የግል ሕይወት ለማተም በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። ደንቡ ቀላል ይመስላል። የሚፈተነው እንደ ሩት ኬሊ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ነው።

ኬሊ እስከ 2006 የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። በ2007 መጀመሪያ ላይ የመማር ችግር ያለበትን አንድ ልጃቸውን በዓመት 15 ሺህ ፓውንድ ገደማ ወደሚያስከፍል የግል ትምህርት ቤት መላካቸው ታወቀ። እዚህ ላይ ሁለት እውነቶች ይጋጫሉ። በአንድ በኩል ልጁ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ እናቲቱም ባለሙያዎች የመከሯትን ነው ያደረገችው። በሌላ በኩል ግን ያንኑ ችግር ያለባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች የሚማሩበትን ሥርዓት ትናንት ትመራ የነበረችው እሷው ናት፤ ሥርዓቱ ለልጇ ካልበቃት ለእነዚያ እንዴት በቃቸው? ጥያቄው የሕዝብ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን የአንድን ሕፃን የሕክምና ጉዳይ አደባባይ ሳያወጡ ሊሰጥ አይችልም። እኔ ጋዜጠኛ ብሆን ጥያቄውን እጽፍ ነበር፤ የልጁን ችግር ግን አልጽፍም። ጥያቄው ያን ጊዜ ግማሽ ይሆናል፤ ይሁን።

ቤተሰብን እስከ ማፍረስ የደረሰም አለ። የሌበሩ ጄረሚ ኮርቢን በ1999 ከባለቤታቸው የተለያዩት ልጃቸው ወደ ግራመር ትምህርት ቤት መግባት አለበት የለበትም በሚል እንደነበር ያን ጊዜ በጋዜጣ ተጽፏል። ልጁ በእናቱ ምርጫ ባርኔት ወደሚገኘው ግራመር ገባ። ኮርቢን በ2015 የፓርቲው መሪ ሲሆኑ ይህ ታሪክ ተመልሶ መጣ፤ ለደጋፊዎቻቸው መርሑን በትዳሩ ያልለወጠ ሰው ሆኑ፣ ለተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ከልጁ ይልቅ ፖሊሲውን የወደደ ሰው። አንዱ ድርጊት፣ ሁለት ምስል። እሳቸው ራሳቸው የግራመር ትምህርት ቤት ተማሪ እንደነበሩም ልብ ይሏል። ኮርቢን የአገር ውስጥ ጉዳይ ተጠሪ አድርገው የሾሟቸው የቅርብ አጋራቸው ደግሞ ዳያን አቦት ነበሩ። አንዱ ለግራመር እንኳ እሺ ያላለ፣ ሌላዋ ለግል የከፈለች፣ ሁለቱ በአንድ ወንበር።

ታዛቢ፦

ሁላችሁንም በጥሞና አነበብሁ። ክሩን ስከፍት የያዝሁት ሐሳብ፣ ቅጣቱ በቃልና በተግባር መካከል ባለው ርቀት ልክ ነው የሚለው፣ አሁን ሙሉ ሆኖ አይታየኝም። ርቀቱ ተመሳሳይ ሆኖ ቅጣቱ የተለያየባቸውን እያየሁ ነው።

ብሌየር የመጀመሪያው ናቸው፤ መሪም ናቸው፤ በ1997 ግን በታላቅ አብላጫ አሸነፉ፤ ኦራቶሪም ከስማቸው ጋር ተጣብቆ አልቀረም። የሃርማን፣ የአቦትና የኬሊ ግን ዛሬም ስማቸው ሲነሣ ይነሣል። ሃርማን ልጁን ብቻቸውን አልወለዱትም። ባለቤታቸው ጃክ ድሮሚ የታወቁ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ በኋላም የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ የሠራተኛውን መደብ እወክላለሁ የሚል ሰው ከሚስቱ ባልተናነሰ ሊጠየቅ በተገባ ነበር። ያን ጊዜ በተጻፈው ውስጥ ግን ውሳኔው በአብዛኛው የእናትየው ተደርጎ ነው የቀረበው። የልጅ ትምህርት ቤት የእናት ጉዳይ ነው የሚለው አመለካከት ከአዲስ አበባ እስከ ለንደን ሳይለወጥ ያገኘሁት ነገር ሆኗል።

የሃክኒ እናት፦

ይህንን ወንድ ጽፎት በማየቴ ደስ ብሎኛል። ልጄ ሲታመም ሥራ ላይ ሳለሁ የሚደወለው ለእኔ ነበር፤ ባሌ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ትምህርት ቤቱ ለእኔ ነበር የሚደውለው።

ጡረተኛ መምህር፦

የእናቶቹ ነገር እውነት ነው። ሆኖም ጊዜው እየተለወጠም ይመስለኛል፤ ዛሬ ፖለቲከኛው የሚያሳየው የልጁን ትምህርት ቤት ሳይሆን የራሱን ልጅነት ሆኗል። በ2024ቱ ምርጫ የሌበር መሪ የነበሩት ኪር ስታርመር አባታቸው የመሣሪያ ሠሪ እንደነበሩ በየመድረኩ ከመደጋገማቸው የተነሣ በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ታዳሚው ሳቀ። ያን ጊዜ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ ደግሞ ዊንቸስተር ኮሌጅን በሚያህል ውድ የግል ትምህርት ቤት ተምረው፣ በልጅነትዎ ምን ጎድሎብዎት ነበር ሲባሉ በክፍያ የሚታየው የስካይ ቴሌቪዥን ብለው መለሱ። አንዱ ድህነቱን አበዛው፣ ሌላው ፍለጋ ወጥቶ አጣው። የስታርመር ምክትል የነበሩት አንጄላ ሬይነር ብቻ በ16 ዓመታቸው ነፍሰ ጡር ሆነው ትምህርት ማቋረጣቸውን ሲናገሩ ሳቅ አልተሰማም፤ ምናልባት ማንም ለማስመሰል ብሎ የማይመርጠው ታሪክ ስለሆነ ይሆናል።

የሕግ ሰው፦

ስታርመርን ካነሡ አይቀር፣ እሳቸው የልጆቻቸውን ስም በአደባባይ አይጠሩም፤ ከካሜራም ይሸሽጓቸዋል። ይህንን አከብርላቸዋለሁ። ነገር ግን በ2024 በምርጫው ወቅት ለሌበር ገንዘብ ከሚለግሱት ከሎርድ አሊ፣ አገልግሎቱ ከ20 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚገመት መኖሪያ በውሰት ለምን እንደተጠቀሙ ሲጠየቁ፣ ደጃቸው ላይ ጋዜጠኞች ይቆሙ ስለነበር ልጃቸው ለፈተና በጸጥታ እንዲያጠና መሆኑን ተናገሩ። ልጁን ከፎቶግራፍ አውጥቶ ወደ መከራከሪያ ማስገባት ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ማንም አባት ያንን ቢያደርግ እረዳዋለሁ፤ የሌላው ሰው ልጅ ግን ደጁ ላይ ጋዜጠኛ ባይቆምም እንኳ አንድ ክፍል ለአራት ተካፍሎ ነው የሚያጠናው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

የሃክኒ እናት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ካልፈለጉ አይመልሱ። አቦትን መርጠዋቸዋል?

የሃክኒ እናት፦

በ2005 ዜግነት ስላልነበረኝ አልመረጥሁም። በ2010 መርጫቸዋለሁ፤ ያውም ያ ያስቆጣኝ መልስ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ። ከዚያም በኋላ መርጫቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱን ረስቼ አይደለም።

በለንደን የሁለተኛ ደረጃ ማመልከቻ ላይ ወላጅ እስከ ስድስት ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ መልሱ በማርች 1 ይመጣል። እኔ አምስት ጻፍሁ። ስድስተኛውን መስመር ሳልሞላ ያስቀረሁት፣ የሚቀረው ትምህርት ቤት በሰፈራችን ስሙ የጠፋው ስለነበረ ነው። መልሱ ሲመጣ የደረሰን እሱው ሆነ፤ ያልጻፍሁት። ሌሊቱን አለቀስሁ፤ ባሌም የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ስንት እንደሆነ በስልኩ ሲፈልግ አድሮ ጠዋት ላይ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ልጄ እዚያው ገባ፣ እዚያው ጨረሰ። አሁን የባቡር መሐንዲስ ነው። እሱን ብትጠይቁት ትምህርት ቤቱ መልካም ነበር ይላል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ያን ሌሊት 10 ሺህ ፓውንድ በእጄ ቢኖር ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ለእናንተም ለራሴም አልዋሽም።